በድምፁ የሚፈለግ ስም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ሲያጉረመርም ሰማሁት። አዲስ የጻፈው ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ ፈታኙ መሣሪያ ደግሞ አላሳልፍም ብሎ አሥር ደቂቃ አስቀምጦታል። «በነጻ የተገኘ ነገር እንዲህ ነው» አለ። ልመልስለት ወንበሬን አዞርኩና ነገሩ ረጅም መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ቢቸና ነበር።

ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እንደወጣሁ የተመደብኩት ቢቸና ውስጥ ባለ አንድ የጤና ተቋም ነው። ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተሰጠኝ ቦታ በካርድ ክፍሉ ጥግ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ናት። ዙሪያውን ከወለል እስከ ጣሪያ ካርድ የታጨቀባቸው መደርደሪያዎች ቆመዋል፤ ክፍሉ አሮጌ ወረቀትና አቧራ ይሸታል። ገበያ በሚውልበት ቀን የበሽተኛው ሰልፍ ከመስኮቱ ተነሥቶ እስከ በሩ ይደርሳል።

ክፍሉን የሚመሩት እትዬ የሺ ናቸው። አጭር፣ ቀልጣፋ ሴት ነበሩ፤ ወጣት ሳሉ ገብተው እዚያው የሸበቱ። ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት የጣለ በሽተኛ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የድሮው የሕመሙ ታሪክ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። የእኔ ሥራ ማንም በስሙ ተፈልጎ እንዲገኝ የሚያደርግ ፕሮግራም መሥራት ነበር።

የሠራሁትም ከባሕር ዳር አንድ የክፍል ጓደኛዬ በዲስክ ቀድቶ በሰጠኝ መሣሪያዎች ነው። አንዱ የፕሮግራሙን ክፍሎች ሰብስቦ ይገጣጥማል፣ አንዱ ይፈትናል፣ አንዱ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ አንዱ ደግሞ ያለቀውን ሥራ ሌላ ማሽን ላይ ይጭናል። ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ማለትም እንዴት እንደተሠሩ ውስጣቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያያል፣ የቻለ ያሻሽላል።

«ማን ሰጠሽ?» አሉ እትዬ የሺ።

«የማላውቃቸው ሰዎች የሠሩት ነው። በየአገሩ ያሉ።»

«ምን ፈልገው?»

«ምንም።»

በጥርጣሬ አዩኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ስም ስንጽፍ ከረምን። መስከረም ላይ ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ፤ እኔም በከተማው ውስጥ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ጥቅምት ሲጋመስ ከገጠር አንዲት እናት እግሯ ቆስሎ፣ ትኩሳት ይዟት መጣች። ስሟን ዓለሚቱ አለች። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ጽፋ ፈለገች፤ ኮምፒውተሩ የለችም አለ። አዲስ ካርድ ወጣላትና ወደ መርፌ ክፍል ተላከች።

እትዬ የሺ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበሩ። ሴትዮዋ ስታልፍ በጨረፍታ አዩዋት። «ይቺን አውቃታለሁ» አሉና አሮጌ ካርዶች ውስጥ ገቡ። እንዲህ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ያወጡት ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ፔኒሲሊን ተወግታ ለሞት እንደደረሰችና ዳግም እንዳይሰጣት ተጽፏል። ካርዱን ይዘው መርፌ ክፍል ሲደርሱ ነርሷ ፔኒሲሊኑን በሲሪንጅ ስባ፣ የዓለሚቱን ክንድ በአልኮል እየጠረገች ነበር።

ዓለሚቱ ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የድሮውንና የአዲሱን ካርድ አስተያየሁ። በድሮው ካርድ «ዓለሚቱ» ተብላለች፤ መስኮቱ ላይ የተጻፈው «አለሚቱ» ነው። ለሰው ጆሮ አንድ ነው። ለእኔ ፕሮግራም ግን ሁለት ሴቶች ነበሩ።

የተቋሙ ኃላፊ ፕሮግራሙ ይዘጋ አሉ። ልፈርድባቸው አልችልም። አሥር ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸውና ፈቀዱልኝ። እትዬ የሺ ደግሞ ወደ ጎን ወስደው «የፊደል ነገር ከሆነ መሪጌታን ጠይቂ» አሉኝ።

መሪጌታ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ስሄድ ደጃፋቸው ላይ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ አገኘኋቸው፤ ለእኔም አንድ እፍኝ ሰጡኝ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ሁሉ አንድ ላደርጋቸው እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ።

«ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ» አሉ። «በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነት ነው። አንድ ካደረግሻቸው ፀሐይን ሌባ አደረግሻት።»

«መምህር፣ ካርዱን የምንጽፈው እኛ ይህን አናውቅም። በሽተኛዋም ስሟን መጻፍ አትችልም፤ መናገር ብቻ ነው የምትችለው።»

ወደ መፈልፈላቸው ተመለሱ። የባቄላው ልጣጭ እግራቸው ሥር ተከመረ።

«እንግዲያው የተጻፈውን አትንኪ» አሉ በመጨረሻ። «እንደተጻፈ ይቀመጥ። ሲፈለግ ግን በድምፁ ይፈለግ። ሰው ሲጠሩት አቤት የሚለው ድምፅ ሰምቶ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአራት ዓመት ያልተነገረኝን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ስሞች በደብተር ጻፍኩ። እሳቸው ትክክለኛውን ፊደል ይነግሩኛል፤ ሰው አሳስቶ ሊጽፍ የሚችልበትን መንገድ ደግሞ እያዘኑ ይጨምሩልኛል። እያንዳንዱን ስም ፈተና አደረግሁት። «ሃይሌ» ብዬ ስፈልግ «ኃይሌ» ይምጣ፤ «ጸሀይ» ስል «ፀሐይ» ይምጣ። ፈታኙ መሣሪያ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ከመጣ አረንጓዴ፣ ካልመጣ ቀይ። መጀመሪያ ያስኬድኩት ቀን ገጹ በቀይ ተሞላ።

ምክንያቱን ስፈልግ የፍለጋ መሣሪያው ውስጥ ገባሁ። ክፍት ስለሆነ ማንም አልከለከለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ስማቸውን እንኳ ማንበብ የሚያስቸግረኝ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ለየቋንቋቸው ፊደል የሚሆን ክፍል ሠርተው አስቀምጠዋል። አንዱ ሠሪ ሥራው መሃል ላይ «ይህን ቦታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ያስተካክለው» የሚል ማስታወሻ ትቷል። የእኛ ፊደል ቦታ ባዶ ነበር። የረሳን ሰው እንደሌለ ገባኝ፤ ሄዶ የነገራቸው አልነበረም።

በመሪጌታ ምክር ባዶውን ቦታ ሠራሁት። በዘጠነኛው ቀን ገጹ አረንጓዴ ሆነ። እትዬ የሺ ቆመው አዩና «አሁን ዓለሚቱን በተበላሸ ፊደል ጥሪያት» አሉኝ። ጠራኋት፤ መጣች። «እንደገና» አሉ። አምስት ጊዜ አስጠሩኝ። በማግስቱ ኃላፊው ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ፈቀዱ።

ሥራዬን መስመሩ ሲሻው ከሚመጣበት፣ ሲሻው ከሚጠፋበት የከተማው ኢንተርኔት ቤት ወደ መሣሪያው ባለቤቶች ላክሁ። በሁለት መቶ ስም ፈትኜው እንዳለፈም ጻፍኩላቸው፤ መልስ ግን አልጠበቅሁም። በአራተኛው ቀን መጣ። የጻፈው ሰው በየት አገር እንዳለ አላውቅም። እንዲህ ይላል፤ «ፊደላችሁን ማንበብ አልችልም። ፈተናዎቹ ግን ያነቡልኛል። እባክሽ እነሱንም ላኪ፤ ወደፊት ከእኛ አንዱ ሳያውቅ እንዳያበላሽባችሁ።»

ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ፈተናዎቹ ከገቡ፣ በየትኛውም አገር ያለ ሰው መሣሪያውን በነካ ቁጥር እነዚያ ሁለት መቶ የቢቸና ስሞች አንድ በአንድ ይጠራሉ ማለት ነው። ፈተናዎቹን ላክሁና ይህንኑ ሄጄ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። መስቀሉን ከአንገታቸው ይዘው ቆዩ።

«ከሰጠሁሽ ስም ግማሹ የሞቱ ናቸው» አሉ። «ጓደኞቼ፣ ተማሪዎቼ። እንግዲህ በየቀኑ ስማቸው ይጠራል በይኛ።»

ጥር ላይ ፕሮግራሙን እንድተክል ሞጣ ተላክሁ። መንገዱ ገና ጠጠር ነበር፤ አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሣ ይዘልቃል፤ ግራና ቀኙ ጤፉ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል። ደብረ ወርቅ ላይ የሽምብራ እሸት ከነእንጨቱ ገዝቼ ሞጣ እስክደርስ ስፈለፍል፣ ጣቴ ጨው ጨው አለኝ። በቦርሳዬ የያዝኩት ዲስክ ከዓለም የመጣው የፍለጋ መሣሪያው አዲስ ቅጂ ነው። ስከፍተው በቢቸና ጥግ የጻፍኳቸው መስመሮች ከሌሎቹ ቋንቋዎች መሃል ተሰልፈው አገኘኋቸው። ፈተናውን አስኬድኩ፤ ስሞቹ በሙሉ አለፉ።

የሞጣው ካርድ ክፍል ሠራተኛ አቶ ሙሉቀን ይባላሉ፤ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። የካርዶቹን ስም ባልደረቦቻቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት ኮምፒውተር ላይ ጽፈው ጨርሰዋል። «በፈለጉት ስም ይሞክሩት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና በአንድ ጣት ቀስ ብለው የአንዲት ሴት ስም ከነአባቷ ጻፉ፤ ፀሐይነሽ።

ሦስት ካርድ መጣ። አንዱ «ፀሐይነሽ»፣ አንዱ «ጸሀይነሽ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይነሽ»። አባቷም ቀበሌዋም አንድ ነው። አቶ ሙሉቀን ተነሥተው ሦስቱን ከመደርደሪያ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አንዱ ላይ የልብ ሕመም ምርመራ ተጽፏል፤ ሌሎቹ ላይ የለም።

«እናቴ ናት» አሉ። «ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ሐኪሙ ስለ ልቧ ሲጠይቀኝ ካርዷን እዚሁ ክፍል አንድ ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት።»

ሦስቱን ካርድ በጥንቃቄ ደራርበው በአንድ ማቀፊያ አሰሩና ቀና አሉ። «ቀጣዩን አሳዪኝ» አሉኝ፤ እስከ ማታ ድረስ ሲማሩ አንድ ጊዜም አልደከሙም።

ከዚያ በኋላ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ገብቼ ትልልቅ ሥራ ሠርቻለሁ። የዚያን ጊዜ ያህል የደነቀኝ ነገር ግን አላጋጠመኝም። እትዬ የሺ ፊት ያስታውሳሉ፣ መሪጌታ ፊደል ያውቃሉ፣ ያ የማላውቀው ሰው ማንበብ የማይችለውን ፊደል ይጠብቃል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ከገጠር የመጣችው እናት ደግሞ አንዳቸውም ለእሷ እንደደከሙ ሳታውቅ ኖራለች።

መሪጌታ አርፈዋል። እትዬ የሺ ጡረታ ወጥተው ቢቸና አሉ፤ አልፎ አልፎ እደውልላቸዋለሁ። ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ከጠየቁኝ በኋላ አንድ የማይረሱት ጥያቄ አላቸው።

«አሁንም ሰው ታገኛላችሁ?» ይላሉ።

«እናገኛለን እትዬ» እላቸዋለሁ።