የጋሽ ዞልታንን መቃብር እንዴት እንዳረምኩት

ጉራ አይሁንብኝና ደሴ ዐሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። እሺ፣ ጉራ ነው። ሜልበርን ስገባ የሚሰማኝ ተማሪ ስላጣሁ፣ ከምኖርበት ታርኔት ወደ ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር እየተመላለስኩ አረጋውያንን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ሻወር አስገባለሁ፣ መድኃኒት አቀብላለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ሰው አርማለሁ። ባለቤቴ ያኔት፣ ስብከት መሀል ፓስተሩን ዓመተ ምሕረት ያረምኩ ጉድ መሆኔን ለጠየቀም ላልጠየቀም ትናገራለች። እውነቷን ነው።

በ2016 በፈረንጆቹ የደረሱኝ ጋሽ ዞልታን ነበሩ፤ የሰባ አምስት ዓመት ሃንጋሪያዊ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ። «ሚስተር» ማለት አፌ እንቢ ስላለኝ ጋሼ አልኳቸው፣ ወደዱት። ሚስታቸው ሞተዋል። በእነሱ ልማድ ባልና ሚስት አንድ የመቃብር ድንጋይ ይጋራሉ፤ በሕይወት ያለውም ሰው ስሙ አብሮ ይቀረጽና የሞቱ ዓመት ብቻ ባዶ ይተዋል። ይህን ሲነግሩኝ «በኢየሱስ ስም!» ብዬ ሟርቱን ገሠጽኩ። እርሳቸው ግን ልባቸው ታሟል፣ ሐኪሙም ወራት ብቻ እንደቀራቸው ነግሯቸዋል። ድንጋዩ አልቆ በዓይናቸው ሊያዩት ፈለጉ። የሚቀረጸውን አስጽፈውኝ ለድንጋይ ጠራቢው ኢሜይል እንዳደርግ አዘዙኝ፦ ስማቸው፣ የተወለዱበት ዓመት 1941፣ የተወለዱበት ከተማ «ኮሎዥቫር፣ ሃንጋሪ»።

እኔ እንደ ሰው ዝም ብዬ እልካለሁ? ጉግል አደረግሁ። ከተማዋ ዛሬ ክሉዥ ትባላለች፣ ያለችውም ሮማኒያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920 ውል፣ ሃንጋሪ ከመሬቷ ሁለት ሦስተኛ በላይ ስታጣ አብራ ሄዳለች። ከዚያ በታች ያለውን ማን ያነባል? «ክሉዥ፣ ሮማኒያ» ብዬ ላክሁ። ሽማግሌውን ከውርደት ያዳንኩ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ድንጋዩ ሲቆም በዊልቸር ገፍቼ ወሰድኳቸው። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ስለ ውሉ ላስረዳቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ከተማዋ በ1940 ወደ ሃንጋሪ ተመልሳ እንደነበር፣ እርሳቸው በዓመቱ እንደተወለዱ፣ በሦስት ዓመታቸው በጦርነቱ ቤተሰቡ ወደ ቡዳፔስት እንደሸሸ፣ ከተማዋም መልሳ እንደሄደች ቀስ ብለው ነገሩኝ። በ1956 የሃንጋሪ ሕዝብ አመፅ ሲደመሰስ ደግሞ ቡዳፔስትንም ትተው ወጡ። እኔን የታሪክ አስተማሪውን ላብ አጠመቀኝ።

«አንተ የት ተወለድክ?» አሉኝ።

«አሰብ።»

«አገሩ?»

«ኢትዮጵያ።» አፌ ቀደመኝ። አባቴ ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ነበር፤ ስወለድ አሰብ የእኛ ነበረች። ከኤርትራ ጋር ከሄደች ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗታል፤ ይህን ለተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሁሉ አውጥቼዋለሁ። ቅጽ ስሞላ ግን እስከ ዛሬ «ኢትዮጵያ» ብዬ ነው የምጽፈው።

«ካርታው ምን ይላል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መቃብሩም እዚያው ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

«እኔም አላየሁም» አሉና እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠራቢው ሱቁን ሳይከፍት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «ኮሎዥቫር፣ ሃንጋሪ» ብሎ እንዲያርመው ነግሬው ስህተቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የእኔ ነው አልኩት፤ ፈጠን እንዲልልኝም ለመንኩት።