የሰው ታንኳ

ክልሉ ቢሮዎቹን ገና በሚያደራጅበት ዘመን፣ ኦቻን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኮምፒዩተር ያስተምር ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከስንታየሁ ጋር ከክፍል በኋላ ጌም ይጫወታሉ፤ ዘንዶና ጠንቋይ ያለበት፣ በፈለጉት አቅጣጫ የሚኬድበት ሰፊ አገር ነው። ስንታየሁ እዚያ ውስጥ የሚጫወትበትን ጀግናውን ያሳደገው ስንት ወር ለፍቶ ነው።

ስንታየሁ እናቱን ሊጠይቅ አቦቦ በሄደበት ሰሞን፣ ኦቻን ያንን ጀግና ይዞ ገባ። ወንዝ ገጠመው፤ ዳሩ ላይ ታንኳ ታስራለች። ባሮ ዳር ያደገ ሰው የጎረቤት ታንኳ ፈትቶ ቢሻገር ማን ምን ይለዋል? ፈታትና ተሻገረ። የጌሙ ውበትም ይኸው ነው፤ ሰፈርህ ያለህ ይመስልሃል። ለካ እዚያ ሌብነት ኖሯል! መንደሩ በሙሉ ጦር አነሳበት፣ ቁስለኛ የምታክመው መድኃኒተኛ እንኳ በሯን ዘጋችበት። ታንኳዋን መለሰ፣ ወርቅ ሰጠ፤ ጌሙ ግን ምሕረት አያውቅም።

ስንታየሁ ሲመለስ ማንጎ ይዞለት መጣ። ኦቻን አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ነገረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ባሮ መሰለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ ስንታየሁ። ጌሙን ከፍቶ የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ።

«ኪቦርዱ ላይ ይቅርታ የሚያስብል ቁልፍ ፈልጌ አጣሁ» አለ ኦቻን።

«ጀግናውን ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር።»

ኦቻንን ቢቆጣው ይሻለው ነበር። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» ያለው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የለመነው የመንደሩን ሰዎች ብቻ ነበር።