የተሳታፊ ቅጂ

እማማ አሰበች እዚህ ኮኪት ከተማ ውስጥ ከማከብራቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። የሌሎቹን ስም አልጠራም፤ ብጠራም ዝርዝሩ አያደክማችሁም። ከባላቸው ከአያ ገብረማርያም ጋር ከበለሳ ወርደው፣ ይህ ቆላ ገና ጫካ ሳለ መንጥረው፣ ሁለት ልጅ በወባ ቀብረው፣ አስር ሄክታር የሰሊጥ መሬት አቀኑ። ሰሊጥ በደረሰበት ቀን ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። እሳቸው ያንን ቀን አንድም ዓመት ስተውት አያውቁም።

አያ ገብረማርያም ግን ከአራት ዓመት ወዲህ ቀኑም ወሩም ጠፋባቸው። ሚስታቸውን «የማን ልጅ ነሽ?» ይላሉ። ድሮ የሞተ የቀን ሠራተኛ ስም እየጠሩ ምሳ በልቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የሚረጋጉት እርሻቸው ሲገቡ ብቻ ነው። ከድንበር ድንበር ይመላለሳሉ፣ አረም ይነቅላሉ፣ ማንንም አያስቸግሩም። እማማ አሰበችም መሬቱን የሙጥኝ ያሉት ከሰሊጡ ይልቅ ለዚህ ነው።

የአያ ገብረማርያም የእህት ልጅ ባየልኝ ይባላል። ባየልኝን በሁለት ቃል ልግለጸው ብል አንዱ ይተርፈኛል። አምና አጎቱን ሻይ ልጋብዝዎ ብሎ ወስዶ መሬቱን ለሃያ አምስት ዓመት ለራሱ የሚያከራይ ውል ላይ አሻራቸውን አሳረፈ። እማማ አሰበች ይህን እንደሰሙ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ለሽማግሌ ከሰሱ። ሁለተኛ፣ ዳግመኛ ማንም እንዳያስፈርማቸው የባላቸውን አውራ ጣት በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩት። «ምን ሆኑ?» ላላቸው «እሾህ ወግቶት ነው» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «መጃጀታቸውን በምን እናውቃለን? ማስረጃ ያምጡ» አሏቸው። ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ነገር!

በዚህ መሃል አጥኚዎቹ በሁለት ነጭ መኪና ከተፍ አሉ። የአገር ውስጥና የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው፣ ሰው ለምን እንደሚያረጅና ለምን እንደሚረሳ ከሴሉ ውስጥ ሊያገኙት ነው አሉ። ዓላማው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ሴል ድረስ የሚያይ መሣሪያ የያዘ ሰው ፊቱ የተቀመጠውን ሽማግሌ ለምን እንደማያይ አንድ ሌላ ጥናት ቢጠና አልጠላም። መሪያቸው ዶክተር ማሩ፣ የኮኪት ሙቀት እሱን ለመስደብ የወጣ ይመስል፣ በየደቂቃው «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» እያለ ስልኩን ያያል።

ከእማማ አሰበች ቤት ሲገቡ ማንበብ የሚችል ምስክር ያስፈልጋል ብለው እኔንም ጠርተውኝ ነበር። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ የሽማግሌዎቹንም ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።

«ሰውዬው ታሟል ብላችሁ ወረቀት ትጽፉልኛላችሁ?» አሉ እማማ አሰበች።

«እማማ፣ ይሄ ሕክምና አይደለም፣ ጥናት ነው» አለ ማሩ። «ደማቸውንና ከክንዳቸው ትንሽ ቆዳ ወስደን ሴሉን እናሳድገዋለን። ለእርስዎም የተሳታፊ ቅጂ ይሰጥዎታል።»

«ቅጂው ላይ የበሽታው ስም አለበት?»

«ርዕሱ ላይ አለ።»

እማማ አሰበች ጨርቁን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ማሩ የአራት ገጽ ወረቀት በሁለት ዓረፍተ ነገር ለባላቸው ነገራቸው። አያ ገብረማርያም አብራ የመጣችውን ነርስ «ዝናብ ጣለ እንዴ?» አሏት። ይህ ስምምነት ተብሎ ተመዘገበ። አሻራ ተደረገ፣ ምስክር ፈረመ፣ ደም ተቀዳ፣ ቆዳ ተቆረጠ። ኮፍያ ታድሎን መኪኖቹ ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ በሰብሳቢያቸው በሐጅ ሙዓዝ መጋዘን በረንዳ ላይ በተሰበሰቡ ቀን እማማ አሰበች ያንን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው አመጡት። ማንበብ አይችሉም፤ የበሽታው ስም እንዳለበት ግን ተነግሯቸዋል።

«አንብበው» አሉኝ።

አነበብኩት። «የመርሳት በሽታና የእርጅና ሴላዊ መንስኤዎች ጥናት።» እማማ አሰበች ቀና ብለው ባየልኝን አዩት። ጭንቅላት ያለው ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ድምፄ ያማረልኝ መስሎኝ ገጹን ገለጥኩ። «ተሳታፊው በሙሉ አእምሮው ሆኖ፣ የተነበበለትን ሁሉ ተረድቶ፣ ያለማንም አስገዳጅነት መስማማቱን በአሻራው አረጋግጧል።»

ባየልኝ ለአንዴም ቢሆን አሰበ። «ዘንድሮ ሙሉ አእምሮ ያለው ሰው አምና ውሉን ሲፈርም እንዴት አልነበረውም?» አለ።

ሐጅ ሙዓዝ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደወሉና ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። «አያ ገብረማርያም ገብቷቸው ነው የፈረሙት ወይስ ሳይገባቸው?» ብለው ዶክተር ማሩን ጠየቁት።

ማሩ አልገባቸውም ቢል ደሙም ቆዳውም ሊጣል ነው፤ እሱም ሊጠየቅበት ነው። ሰውዬው ሒሳብ ያውቃል።

«ገብቷቸው ነው» አለ።

«ኸላስ» አሉ ሐጅ ሙዓዝ፣ ነገሩ ማለቁን በእጃቸው እያሳዩ። «ውሉ ይጸናል። መሬቱን ባየልኝ ይረከብ።»

እማማ አሰበች አላለቀሱም። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ልቡ ደህና ከሆነ ቆዳውን ምን ልትፈልጉበት ቆረጣችሁት?» አሉት።

«እማማ፣ ያ ፎርም እኮ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው» አለ ማሩ። «ማንም አያነበውም።»

እውነቱን ነው። ምስክር ነኝ ብዬ ስፈርምበት እኔም አላነበብኩትም።