ቀበቶ የታሰረላት መርከብ

መርከብ ታክሲ ስትሳፈር ፈድሉ ዛሬ ገና ማየቱ ነው፤ ያውም በላስ ቬጋስ በረሃ። ሽማግሌው ከአርትስ ዲስትሪክት ሰፈር ሲሳፈሩ በእጃቸው የሠሯትን ትንሽ ብረት ለበስ መርከብ ከጎናቸው አስቀምጠው የመኪናውን ቀበቶ አሰሩላት። ሱሪያቸው ተተኩሷል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል።

«ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ ፈድሉ መሪውን እንደያዘ።

«ሞኒተር ትባላለች። በአሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነት ከሌላ ብረት ለበስ ጋር ከጠዋት እስከ ቀትር ተታኮሰች። ጥይቱ ብረቱ ላይ እየነጠረ ሳይሸናነፉ ተለያዩ።»

«ሌላዋንስ አልሠሯትም?»

«ሠርቻት ነበር። ስንፋታ ባለቤቴ ወሰደቻት።»

ኢንስፒራዳ የሚባለው ሰፈር ደርሰው መርከቧን አቅፈው ወረዱ። «እሷ ግቢ መዋኛ አለ» አሉት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንገጥማለን።»

ፈድሉ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገ። ጦርነት የሚሄድ ሰው ይህን ያህል ሽቶ ሲቀባ አይቶ አያውቅም።