ከእህቴ ጋር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር

ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ እመዝን ነበር። ቁጥሩን የምጠቅሰው ለማስደነቅ ሳይሆን የሆነውን ለማስረዳት ነው። አንድ ቀን ለዘገባ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ወዳለው ዋሂል ስንሄድ መኪናችን አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች። የቀረው መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው በእግሩ ሄዶ ሥራውን ጨረሰ፤ እኔ ከሾፌሩ ጋር ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ አለቃዬ ከመስክ አንስቶ ቢሮ አስቀመጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች በስልክ የሚነግሩኝን ዜና ስጽፍ ኖርኩ።

ከዚያ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላክሁ። በገባሁ በወሩ ደረጃ ስወጣ ወደቅሁ። የመረመሩኝ ሐኪሞች ጨጓራዬን ቆርጠው ሊያሳንሱት ሐሳብ አቀረቡ። እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ፈረምኩ። ሥልጠናው ሲያበቃ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሆኜ ድሬዳዋ ገባሁ።

የሰፈሩ ሰው ታስሬ የተፈታሁ መሰለው። በደርግ ዘመን ጠፍቶ ከርሞ ከስቶ የተመለሰ ሰው ላይ ሌላ ግምት አይኖርም ነበር። ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ እየመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አሉኝ። ስለ ጨጓራዬ ስነግራቸው «ገብቶናል፣ ገብቶናል» እያሉ በሩን ዞር ብለው ያያሉ።

አለቃዬ አመነኝ። ግን አልበቃውም።

«ኪሎህ ወርዷል፤ ጉልበትህን ማን አየው?» አለኝ። «ለሠራተኞች ቀን የአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ጨርሰውና ወደ መስክ እመልስሃለሁ። ካልጨረስክ ከስልኩ ጋር ተስማማ።»

ታላቅ እህቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች። ሦስት ልጆች ወልዳም ለፋብሪካው ቡድን ትሮጣለች። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች።

«አንተ? ቧንቧ ድረስ ሄደህ ውሃ ሳትቀዳ ያደግከው?»

«እትዬ፣ የምሬን ነው።»

«ስንት ወር አለን?»

«አምስት።»

«ነገ እንጀምራለን» አለች።

የድሬዳዋ ሯጭ ሁለት ጠላት ነበረው፤ ሰዓት እላፊና ፀሐይ። ሰዓት እላፊው ንጋት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያበቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ደግሞ አስፋልቱ ይጋገራል። በመካከሉ ባለችው ጊዜ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ተነስተን የሐረርን መንገድ እንይዛለን። በመጀመሪያው ቀን አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አዙሮ አስቆመን።

«ምን ይዛችሁ ነው የምትሮጡት?»

እህቴ ወደ ሆዴ ጠቆመች። «ቆርጠው ያስተረፉትን።»

ሰውዬው አልሳቀም። ቀበሌ ወስዶ አስቀመጠን። ከዚያ ስንወጣ ግን ለጤና የምንሮጥ ወንድምና እህት መሆናችንን የሚገልጽ ባለማኅተም ወረቀት ይዘን ነበር። እህቴ በላስቲክ ጠቅልላ ካልሲዋ ውስጥ አደረገችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት መቶ ሜትር ሮጬ ቆምኩ። በሁለተኛው ወር ሦስት ኪሎ ሜትር ደረስኩ። ጨጓራዬ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ብርጭቆ በላይ ስለማይዝ ውሃውን እህቴ ትይዝልኝና በትንሽ በትንሹ እየለካች ትሰጠኛለች። ከሁሉ የሚከፋው ስኳር ነበር። አንድ ቀን ከሩጫ በኋላ ጣፋጭ ሻይ ጠጥቼ በሩብ ሰዓት ውስጥ ላብ አጠመቀኝ፤ ልቤ ደለቀ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሩጫው ቀን ድረስ ስኳር የሚባል ነገር አልቀመስኩም።

ሩጫው ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተጀመረ። ስድስት ኪሎ ሜትር ወደ ደንገጎ ተራራ ግርጌ ሽቅብ፣ ስድስት መልስ። እህቴ ከቡድኗ ጋር መሮጥ ትታ ከጎኔ ሆነች። መዞሪያው ላይ ስንደርስ ከኋላችን ገና ብዙ ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን አልጠበቅኩም።

ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን በትንሽ ኩባያ ጭማቂ ይዛ መንገድ መሐል ገባች።

«ጠጣ አቦ! ጠጣ! በእስር ቢያደርቁህ እኔ አለመልምሃለሁ!»

አንድ ጊዜ ስጎነጭ አወቅሁት። ቀበሌ በኮታ የሚሰጣትን፣ ለልጆቿ ሻይ እንኳ የምትሰስተውን ስኳር በጥብጣበት ነበር። እሷ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ምን እንደሚከተል እስከ ደቂቃው አውቅ ነበር፤ ሆኖም ያንን ኩባያ መመለስ አልቻልኩም። ጠጣሁት። ዘለለች፣ እልል አለች።

«አንተ ሰው እብድ ነህ?» አለች እህቴ። «ለምን ዋጥከው?»

«አየሽው አይደል ፊቷን?»

«አየሁት። አሁን ያንተን እናያለን።»

ዘጠነኛው ላይ አየችው። አንድ ግራር ሥር ተንጋለልኩ። ሰማዩ ይዞራል፤ ከኋላችን የነበሩት ሁሉ እየሳቁም እያዘኑም አለፉን። አምቡላንስ ቆሞ ነርሱ «ግባ» አለኝ። ከገባሁ ስልኩ ይጠብቀኛል። ቀና ብዬ እህቴን አየኋት። እሷ ሰዓቷን ታያለች።

«ያኔ የሻዩ ስኳር በስንት ደቂቃ ለቀቀህ?»

«በሃያ አምስት።»

«አሥራ አንዱ አልፏል» አለችና ነርሱን «ሂድ፣ እኛ እንደርሳለን» ብላ ሸኘችው።

በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ተነሳሁ። አንድ ኪሎ ሜትር በእግር ሄድን። ከዚያ ቀስ ብለን ሶምሶማ ጀመርን። ፀሐዩ ጀርባችን ላይ ነው፤ እግሬ ግን የራሴ ሆኖ ነበር። ከዚራ ስንገባ በሱቃቸው በር ላይ የቆሙ ሰዎች አጨበጨቡ። እህቴ «ፈጠን!» አለችኝ፤ እኔ ግን ቀድሜ ፈጥኜ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት መቶ ሜትሮች እሷ ከኋላዬ እየጮኸች ሮጥኩ።

ዳኞቹ ገመዱን መጠቅለል ጀምረው ነበር። ሲያዩን መልሰው ዘረጉት። ከጨረሱት ሁሉ መጨረሻ ነበርን፤ እኔ ከእህቴ በአራት እርምጃ ቀድሜ።

አለቃዬ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። የላብ ጨው የደረቀበትን ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ሐሙስ ንጋት ላይ ወደ ገጠር የሚወጣ መኪና አለ» አለኝ። «ትሄዳለህ።»

አፌን ሳልከፍት እህቴ ቀደመችኝ። «ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይውጣ። ከዚያ በፊት ሩጫ አለብን።»

አለቃዬ እኔን አየኝ። እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። መኪናው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ፤ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር።