የጎን ቀንበጥ

አባቴ ሙጎ በኪሪንያጋ በቲማቲም የታወቀ ነው። በቅጠሉ ብብት የሚበቅለውን ቀንበጥ ሁሉ በጣቱ እየቀነጠሰ አንድ ግንድ ብቻ ያስቀራል። «ሁሉም ከጠባ አንዱም አያፈራም» ይላል። የእናቱን የዋይሩሪን ስም ስላወጣልኝ ሁልጊዜ «እናቴ» ነው የሚለኝ። ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥቼ ስጨርስም፣ «እናቴ፣ አንቺ ይብቃሽ፤ ወንድምሽ ይማር» አለኝ። ወንድሜ ተምሮ ናይሮቢ ገባ፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፣ ደብዛው የለም።

አሁን የአባቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የምቀነጥሰው እኔ ነኝ። ትናንት ነፋስ ግንዱን የሰበረው ተክል ጋ ስደርስ አባቴ ከኋላዬ፣ «እናቴ፣ የጎኑን ቀንበጥ ተይው፤ እሱ ይተካዋል» አለኝ።

«ባባ፣ ለካ ይህንንም ታውቅ ኖሯል» አልኩት።

ዞር ብዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቀንበጡን ቀነጠስኩት።