ሁለት ኳስ የሚያየው ኬለፒ

ኬለፒን ሩጫ ያስተማረው አሠልጣኝ ሳይሆን ፖአሳ ነው። ፖአሳ የእናቱ ወንድም ልጅ፣ የማዶ መንደር ሰው ነው፤ ሰውነቱ ወፍራም፣ ምላሱ ስለታም። በፊጂ እንዲህ ያለ የአጎት ልጅ ሊሰድብህም፣ ሊያሾፍብህም፣ ሸሚዝህን አውልቆ ሊወስድም ሙሉ መብት አለው፤ አንተም እንደዚሁ። በልጅነታቸው ካሳቫ ቅጠል የተጠቀጠቀባት የፕላስቲክ ጠርሙስ ኳሳቸው ነበረች። ፖአሳ መሮጥ ስለማይሆንለት ጠርሙሷን ለኬለፒ ይወረውርለትና ኬለፒ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ በባሕሩ ዳር ይሸመጥጣል። በኋላ እንጀራው የሆነው ነገርም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ወፋፍራሞቹ መሐል ሜዳ ተራግጠው ኳሷን ያወጣሉ፣ እሱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ ስትደርሰው ይሸሻል። ራግቢ ለክንፍ ተጫዋች ይኸው ነው፤ ቀሪው ወሬ ነው።

ገና ጢሙ በወጉ ሳይወጣ የፈረንሳይ ክለብ ጠራው። የመንደሩ የናይሶሮ ሰዎች “ራቱ” በሚሏቸው ባላባት፣ በራቱ ኢኖኬ ቤት ተሰበሰቡና ታምቡዋ ሰጡት፤ በገመድ የተንጠለጠለ የዓሣ ነባሪ ጥርስ። “ለእኛ ሩጥልን” አሉት። በሁለት እጁ ተቀበለ። ጥርስ የተቀበለ ሰው የተጠየቀውን እሺ አለ ማለት ነው፤ ደከመኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ የሚተወው ነገር አይደለም። ጥርሱን እናቱ ላይሳኒ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው፤ እግሮቹ ፈረንሳይ ሄዱ።

ሮጠም። በብርድ፣ በጭቃ፣ ስሙን መጥራት በማይችሉ ሰዎች ፊት ሮጠ። የናይሶሮ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ጣሪያ ያገኘው በእሱ እግር ነው። አንድ ነገር ብቻ ሳይለምደው ቀረ። ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር ፈረንሳዮቹ ዘለው ፀጉሩን ያሻሹታል፤ በእሱ አገር ደግሞ የአዋቂ ሰው ራስ አይነካም፣ ወላጅም ቢሆን እጁን ይሰበስባል። መጀመሪያ በቴሌቪዥን ያዩት ቀን የመንደሩ ሽማግሌዎች አፍረው ዓይናቸውን ወደ ሰሌኑ መለሱ።

ኋላ ላይ የባላጋራ ተጫዋች ጉልበት ያንኑ ራሱን መታው፤ በዓመቱ ተደገመ። ሦስተኛው ጊዜ በቃሬዛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰማይ የተመታች ኳስ ስትወርድ ሁለት ሆና ትታየዋለች። ለማንም አልተናገረም። የግራዋን መያዝ ጀመረ፤ ብዙውን ጊዜ እውነተኛዋ የግራዋ ነበረችና። ሐኪሙ ግን ደረሰበትና አቁም አለው። ክለቡ ደግሞ ሁለት ዓመት ጨምረህ ፈርም አለው። ኬለፒ ሁለቱንም እሺ ብሎ ለገና ወደ አገሩ ተሳፈረ።

መንገዱን ሙሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው። ጥርሱን ከግድግዳው አውርዶ፣ ራቱ ኢኖኬ ፊት ተንበርክኮ፣ ልቀቁኝ ሊል። እምቢ ካሉት ይመለሳል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ተመልሶ ደግሞ አንድ ቀን የቀኟ ኳስ እውነተኛ ብትሆንስ?

እናቱ ቤት ሲገባ ምስማሩ ባዶ ነበር።

“እማ፣ ጥርሱስ?”

“ለለቅሶ ተውሰውት ነው” አለች፣ ዓሣውን እያገላበጠች።

“ማን ሞቶ?”

“የሩቅ ሰው ነው። ብላ እንጂ፣ ከስተሃል።”

ላይሳኒ ውሸት አትችልም፤ ጆሮዋ ይቀላል። ኬለፒ ግን የራሱ ጭንቀት ጋርዶት ጆሮዋን አላየም። ከምሳ በኋላ የአባቱን ታናሽ ወንድም ኔማኒን፣ የራቱ አፈ ጉባኤ የሆነውን ሽማግሌ፣ ለብቻው አገኘው።

“አባባ ኔማኒ፣ ነገ ጠዋት ራቱ ዘንድ የማቀርበው ነገር አለኝ።”

ሽማግሌው ጎደሬውን በአፉ እንደያዘ ቀረ። “ስለ ጨዋታው?”

“ስለ ጨዋታው።”

“ሰምተናል። ሁለት ዓመት ጨመሩልህ አሉ።” ኔማኒ ይህን ብሎ ጎደሬውን ሳይጨርስ ተነሣና ወጣ። ኬለፒ ደስ ብሎት ነው ብሎ ገመተ። ልቡ ይበልጥ ከበደው።

ጥርስ ከሌለ ልመና የለም። ማዶ ተሻግሮ ፖአሳን ለመነው።

“ጥርስ አበድረኝ።”

“ሚስት ልትጠይቅ ነው? ማን ታገባሃለች፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እያየህ።”

“ፖአሳ፣ ማቆም እፈልጋለሁ። ኳሷ ሁለት እየሆነች ነው የምታየኝ… የምትታየኝ።”

ፖአሳ ቀረብ ብሎ ዓይኑን አየው። “እኔስ ስንት ሆኜ ነው የምታየኝ?” አለ።

“አንድ።”

“ተመስገን፤ ሁለት ብሆን በሩ አያሳልፈኝም ነበር።” ገብቶ የአባቱን ጥርስ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣ። “አብሬህ እመጣለሁ። እምቢ ካሉህ እኔ አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ ያየኝ ሰው አይጨክንብኝም።”

በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሽርጣቸውን ታጥቀው ወደ ራቱ ቤት ሲወጡ፣ ከላይ ሽማግሌዎቹ ወደ ታች ይመጣሉ። ሁሉም የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ራቱ ኢኖኬ ራሳቸው በምርኩዝ ይከተላሉ። ፊት የሚሄደው ኔማኒ ነበር፣ እጁ ላይ ጥርስ ተንጠልጥሏል። ኬለፒ ገመዱን ዐወቀው፤ እናቱ ቀይ ክር ቀላቅላ የገመደችው ነው። ጥርስ ፊት ቆሞ መቅረት ነውር ስለሆነ ሁሉም እዚያው መንገዱ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ኬለፒ ገና ሳይሰማው የገባው መሰለው፤ ሁለቱን ዓመት እንዲፈርም ሊያስሩት ነው፣ ቀድመውታል። ፎጣውን ከጉልበቱ ሥር ደበቀ።

ኔማኒ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው የሚፈራው ያ ወፍራም ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

“ኬለፒ፣ ይህን ጥርስ ይዘን ሩጥልን ያልንህ እኛ ነን። ሮጥህ፤ አኮራኸን። በቃሬዛ ከወጣህ ወዲህ ግን ጨዋታህን አይተን ጨርሰን አናውቅም። ኳሷ ወደ ላይ ስትመታ ራቱ ቴሌቪዥኑን ዝጉ ይላሉ። አንተ እንደምትወደው እናውቃለን። ፈርመህ ቃል ሳትገባ እንድረስ ብለን ነው እንዲህ የማለድነው። ይህን ጥርስ ተቀበለንና አቁምልን። እንዳታሳፍረን።”

ኬለፒ ፈረንሳይ ሜዳ ላይ እንኳ እንዲህ ፈዝዞ አያውቅም። ከኋላው ፖአሳ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም፣ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

ራቱ ኢኖኬ ፎጣውን በምርኩዙ አመለከቱ። “ይህ የማዶ ሰው ምን ነክቶት ነው? ከጉልበትህስ ሥር ያለው ምንድን ነው?”

ኬለፒ ፈታው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

“ምን ልትለምንበት?” አሉ ራቱ።

“ያንኑ፣ ጌታዬ። መሮጤን የምትፈልጉት መስሎኝ ነበር።”

“እኛም አንተ የምትፈልገው መስሎን።” የራቱ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ተዛመተ፤ ኔማኒ እየሳቀ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል። ለዓመታት ተከባብረው ዝም ሲባባሉ ልጁን ሊያስገድሉት ነበር እኮ! ኬለፒ የእናቱን ገመድ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ራቱም የፖአሳን ጥርስ ተቀበሉ፤ ሁሉም እንደ ወጉ በጎድጓዳ መዳፋቸው አጨበጨቡ። ደረቱ ላይ የኖረው ድንጋይ የት እንደገባ አላወቀም። ተነሥቶ ከመሄድ ይልቅ መተኛት አማረው፣ እዚያው ፀሐይ ላይ።

ወደ ቤት ሲወርድ እናቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ጥርሱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ሌላ አልጠየቀችም። ሰሌኑ ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። ላይሳኒ ከኋላው መጣች።

“ይቅርታህን፣ ልጄ” አለች፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው ዝቅ ብላ። ከዚያም ከሕፃንነቱ ወዲህ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ መዳፏን ራሱ ላይ አሳረፈች። የተሰፋውን ቦታ ጣቷ አገኘው፤ አለፈው፤ ተመልሶ አገኘው። ኬለፒ አልተንቀሳቀሰም።

“ሙሉ ነው” አለች ለራሷ። እጇን ግን አላነሣችም።